የታህሳስ ውርጭና የሆጤዋ እህት ቧንቧ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። እህታችን ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ትኖራለች። ግቢዋ ውስጥ በብረት ስታንድ ላይ የቆመ 2,000 ሊትር ሮቶ አላት። ከሮቶው የሚወጣው ግማሽ ኢንች ፒፒአር (ጠንካራ የፕላስቲክ) ቧንቧ አየር ላይ ተሻግሮ ግድግዳውን በውጪ በኩል ተከትሎ ወደ ኪችንና ወደ ሻወር ቤት ይሄዳል። አምና ታህሳስ ላይ ጠዋት ጠዋት ውሃ አልመጣ እያለ እስከ 3 ሰዓት ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ቧንቧው ተሰንጥቆ ግቢው በውሃ ተጥለቀለቀ፣ የስንጥቁን ፎቶም ልካልኛለች። ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ በረንዳዋ ላይ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው ወንድሟ «የሚያሞቅ ኬብል ልላክልሽ፣ እስከዚያ ሌሊቱን ቧንቧውን ትንሽ ከፍተሽ እደሪ» ይላታል። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሟ ደግሞ «ቧንቧ በረዶ ይሆናል እንዴ?» እያለ ይስቅባታል። «ማንን ልስማ? ህዳር ሳይገባ ምን ላድርግ?» ነው ያለችው።

እህቴ፣ አብሽሪ። ያጋጠመሽ ነገር ያለ ነው፣ የሚያስቅም አይደለም። ደሴና ዙሪያዋ ላይ የውሃ መስመር ስዘረጋና ስጠግን ነው የኖርኩት። በየዓመቱ ከህዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ስልኬ በጠዋት የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ወንድሞችሽ ባሉበት ቦታ ልክ ናቸው። አንቺ ያለሽበት ግን ሌላ ነው፣ መፍትሄውም ሌላ ነው። ደግሞ ከኬብሉ በጣም ይረክሳል።

ከኮምቦልቻው ልጀምር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ስትጨርሺ ግን ጃኬትሽን ታወልቂያለሽ። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መሀል የ4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ቀን ላይ 4 ዲግሪ ምንም አይደለም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ግን ውሃው ውሃ ሆኖ ይቅር ወይስ በረዶ ይሁን የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ወንድምሽ አንድ የታህሳስ ሌሊት መጥቶ አንቺ ጋ ይደር፣ ያኔ ይገባዋል።

ሚኒሶታ ወዳለው ስመጣ መጀመሪያ አንድ ቃል ላስተካክል። እሱ «ክረምት» የሚለው እዚያ በረዶ የሚጥልበትን ጊዜ ነው። ሳምንት ሙሉ ቀንም ሌሊትም ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። መሬቱ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ መሠረት ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል፣ የውሃ መስመር ደግሞ ከዚያም በላይ ጥልቀት የሚገባው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ክረምት ማለት ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ጭጋግ ለብሳ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ፣ ቤቱ ሁሉ እርጥበት እርጥበት እየሸተተ እንኳ ቧንቧ በረዶ ሲሆን አጋጥሞኝ አያውቅም። ቧንቧ የሚያዘው በበጋ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ በሚኬድበት ወቅት። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው፣ ቀን ሲሞቀው ሌሊቱን ይረሳዋል።

ለምን በበጋ? ደመና ስለሌለ። መሬቱም ቆርቆሮውም ቧንቧውም ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ደመና ሲኖር ከላይ ሆኖ ይመልስላቸዋል፣ ለከተማው እንደ ጋቢ ነው። ከሌለ ሙቀቱ ሄዶ ይቀራል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፣ በበጋ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱን የሚይዝላት ነገር የለም። ከዚህ የሚመጣውን ነገር ብዙ ሰው አይጠብቀውም፦ ወደ ሰማይ ያፈጠጠ እቃ በዙሪያው ካለው አየር በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። አየሩ ገና 3 ዲግሪ እያለ ቆርቆሮው ላይ አመዳይ የሚነጣው፣ ውጪ ያደረ መኪና መስታወቱ በካርድ የሚፋቀው በዚህ ነው። ቧንቧሽም እንደዚያው።

ካላመንሽኝ ሞክሪው። ጥርት ባለ የታህሳስ ማታ ሁለት ተመሳሳይ ትሪ ውሰጂ፣ በሁለቱም ላይ ስስ ውሃ አድርጊ። የመሬቱ ሙቀት እንዳይደርሳቸው ከስራቸው ጭድ ወይ የታጠፈ ጆንያ አንጥፊ። አንዱን ግቢ መሀል ሰማይ እያየው አስቀምጪ፣ ሌላውን አራት አምስት እርምጃ ራቅ አድርገሽ በረንዳው ጣሪያ ስር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥተሽ እዪ። ውርጭ የወረደ ሌሊት ከሆነ ግቢ መሀል ያደረው ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ታገኛለሽ፣ ከዳር ወደ መሀል እንደ መርፌ የተሰካካ መስመር ያለው፣ በጥፍርሽ ስትጫኚው ቀጭ የሚል። በረንዳ ስር ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ። አየሩ አንድ፣ ሌሊቱ አንድ። የተለየው ከላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። እናቴ ውርጭ ሊወርድ ነው ባለች ማታ የጎመን መደቧን በጆንያ ትሸፍን ነበር። ልጅ ሆኜ ጆንያው የሚያሞቀው ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሰማዩን ነው የሚከልለው። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፣ ከዚያ ጆንያ የበለጠ የጠቀመኝ ግን የለም።

አስጊውን ሌሊት ከማታ ማወቅ ይቻላል። ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ከነበረ፣ ሲመሽ ነፋሱ ፀጥ ካለ፣ ኮከቡ ከወትሮው ከበዛ፣ የእራት ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ሰፈሩ ላይ ተንጣሎ ከቀረ፣ ያን ሌሊት ተጠንቀቂ። ደመና ካለ ወይ ነፋስ ካለ ብዙም አትጨነቂ፣ ነፋስ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር እያወረደ ያደባልቀዋል። ሌላው ቦታ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ከዳገቱ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ጉድጓድ ያለ ግቢ ሲያገኝ ይተኛበታል። ለዚህ ነው ከጎረቤትሽ 10 ሜትር ዝቅ ያለው ቤት ቧንቧው ተይዞ የላይኛው ምንም የማይሆነው።

አሁን ምን ይቀዘቅዛል ወደሚለው እንምጣ። ውሃ ዜሮ ዲግሪ ስለደረሰ ወዲያው በረዶ አይሆንም። ዜሮ ላይ ያለን 1 ሊትር ውሃ በረዶ ለማድረግ የሚወጣው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 2,000 ሊትር የያዘ ሮቶ በእኛ ሌሊት አይቀዘቅዝም። እሱን ተዪው፣ ብርድ ልብስ ልልበሰው ብለሽ ገንዘብ አታባክኚ። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ግን በ1 ሜትር ርዝመቱ ውስጥ የሚይዘው ውሃ 0.2 ሊትር አይሞላም። አንድ የሻይ ብርጭቆ ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ 1 ሜትር ላይ ተዘርግቶ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ሰማይ እያየ ሲያድር አስቢው።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ካልገባሽ የተሳሳተ ቦታ ትጠግኛለሽ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብዙ ሰው ቧንቧው የሚፈነዳው በረዶ በሆነበት ቦታ ላይ ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። በረዶው መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቡሽ ይወተፋል። እያደገ ሲሄድ በእሱና በተዘጋው የኪችን ቧንቧ መሀል ያለውን ውሃ ይገፋል። ወደ ሮቶው በኩል ያለው ውሃ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፣ ወደ ኪችን በኩል ያለው ግን መሄጃ የለውም፣ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ግፊቱ ይጨምር ይጨምርና ደካማው ጋ ይለቃል።

የላክሽልኝን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። ስንጥቁ የቧንቧውን ርዝመት ተከትሎ የሄደ ነው፣ የአንድ ጣት ያህል፣ ከንፈሮቹም ወደ ውጪ ተገልብጠዋል። ይሄ ከውስጥ የመጣ ግፊት ነው፣ በድንጋይ ተመትቶ ቢሆን ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። የተሰነጠቀበት ቦታ ደግሞ በረንዳው ጥላ ስር ነው፣ ሰማይ የማያየው ጋ። ሠራተኛው እዚያው ቆርጦ አዲስ ቧንቧ በየደውና ሄደ፣ አይደል? በረዶው የተያዘው ግን እዚያ አይደለም። ከሮቶው እስከ ግድግዳው አየር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሻገረው ሦስት ሜትር ላይ ነው። እሱ እንዳለ እስካለ ድረስ ዘንድሮም ሌላ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

ፒፒአር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይደርቃል፣ ሲሞቅ የሚችለውን ምት ሲቀዘቅዝ አይችልም። ፀሐይም ዓመት በዓመት ታደክመዋለች። ኤችዲፒኢ የሚባለው ጥቁሩ ተጣጣፊ ቧንቧ ከእሱ የተሻለ ይለጠጣል፣ ውጪ ለሚያልፍ መስመር እኔ እሱን እመርጣለሁ። ብረቱ ቧንቧ ብረት ስለሆነ አይፈነዳም ብለሽ እንዳትሸወጂ። ይፈነዳል፣ ያውም በመገጣጠሚያው መስመር ላይ።

እንግዲህ ሥራው። ከቻልሽ ያንን ሦስት ሜትር ከአየር ላይ አውርጂው። ከሮቶው ስር ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ መሬት ውስጥ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይቀበር፣ ከግድግዳው ስር ይውጣ። የእኛ መሬት እንደ ሚኒሶታ አይቀዘቅዝም፣ ውርጩ ላዩን ብቻ ነው የሚነካው፣ ያን ያህል ጥልቀት ለብርዱም ለመኪና ጎማም ይበቃል። ለአንድ ሰው የግማሽ ቀን ቁፋሮ ነው። ይሄን ብቻ ብታደርጊ የችግርሽን ትልቁን እጅ ጨርሰሻል።

ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ መቆፈር አይቻልም ካልሽ ደግሞ ከልይው። ከቧንቧው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ቆርቆሮ እንደ ክዳን አሲዢለት፣ ሰማዩን እንዳያይ። ከዚያ ቧንቧውን ራሱን አልብሺው። ማልበስ አያሞቅም፣ ይሄን አስታውሺ። ጋቢም እኮ አያሞቅም፣ ያለሽን ሙቀት ይይዝልሻል እንጂ። እዚያ አገር ሳምንት ሙሉ ሲበርድ ልብስ ብቻውን አያድንም፣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ያልቃል። እኛ ጋ ግን ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 8 ወይ 9 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው። በረዶውን አራት አምስት ሰዓት ካዘገየሽው ፀሐይዋ ደርሳልሻለች።

በምን ይልበስ? የአየር ማቀዝቀዣ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ጥቁር የጎማ ስፖንጅ ካገኘሽ ጥሩ ነው። ካላገኘሽ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በቁመቱ ቆርጠሽ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው አድርገሽ ጠቅልዪው። ከላይ ላስቲክ ይደረግለት፣ በደንብ ይታሰር። ላስቲኩን ለምን አልኩ? እርጥብ ስፖንጅ ከባዶ ቧንቧ አይሻልም፣ ክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ህዳር ላይ እርጥብ ሆኖ ከደረሰ ዋጋ የለውም። ሰኞ ገበያ የምትወጪ ከሆነ የማዳበሪያ ጆንያ ገዝተሽ ደረቅ ጭድ ጠቅጥቀሽ በቫልቮቹ ዙሪያ ማሰርም ይሠራል። ጭድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከስፖንጅ ብዙም አያንስም።

አንድ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ግቢ ውስጥ 20 ሜትር ያህል ቧንቧ እንደ ሕፃን አድርጌ ጠቀለልኩ። ሮቶው መውጫ ላይ ያለውን ቫልቭና ቀጥሎ ያለውን ጎሚቶ (መታጠፊያውን) ግን ለመክፈት እንዲመች ብዬ ባዶውን ተውኩት። ታህሳስ ላይ ጠሩኝ። ቫልቩ ሆዱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፣ ቧንቧው ምንም አልሆነም። ባለቤቲቱ ምንም አላለችኝም፣ ባልዲዋን ይዛ ብቻ አየችኝ። ናስ ሙቀትን ከፕላስቲክ በጣም ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ ቅዝቃዜው የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማለብሰው ቫልቩን፣ ቲውን (ሦስት አፍ ያለውን ማገናኛ)፣ ጎሚቶውን ነው። ቧንቧው ይከተላል።

ሦስተኛውና ወጪው ትንሽ የሆነው መንገድ ውሃውን ማስወጣት ነው። የሌለ ውሃ በረዶ አይሆንም። በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቲ አስገብተሽ ትንሽ ቫልቭ አስገጥሚ። ውርጭ በተጠረጠረ ማታ ከመተኛትሽ በፊት የሮቶውን መውጫ ዝጊ፣ የታችኛውን ቫልቭ ክፈቺ፣ ከዚያ የሻወሩን ቧንቧ ክፈቺ። ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትረሺ። ከላይ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም፣ ገለባ ጫፉን በጣት ስትደፍኚው ውሃውን እንደሚይዘው ማለት ነው። 10 ሜትር ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ 2 ሊትር አይሞላም፣ በጆግ ተቀብለሽ ለጠዋት ፊት መታጠቢያ ታስቀምጪዋለሽ። ቧንቧው መሀል ላይ የረገበ ቦታ ካለው ግን እዚያ ውሃ ይተኛል፣ ስለዚህ ቧንቧውን ግድግዳ ላይ የሚይዘውን ክላምፕ አስጨምረሽ ወደ ታችኛው ቫልቭ ያዘነበለ ይሁን።

ወንድምሽ ያለው ማንጠባጠብ ውሸት አይደለም። የሚንቀሳቀስ ውሃ ከሮቶው ሙቀት እያመጣ ያልፋል፣ ቧንቧው ስለተከፈተም ግፊት አይጠራቀምም። ግን እናስላው። ለውጥ እንዲያመጣ በደቂቃ አንድ ብርጭቆ ያህል ይፍሰስ ብንል፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ 100 ሊትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤት ይሄን በየሌሊቱ ሊያፈስ አይችልም፣ ማፍሰስም የለበትም። ኬብሉም ጥሩ ነገር ነው፣ የእሱ አገር ሰው ያለ እሱ አይሆንለትም። በ1 ሜትር 15 ዋት ቢወስድ 20 ሜትሩ 300 ዋት ነው፣ መብራቱንም ትችይው ይሆናል። ግን ሌሊት መብራት ሲጠፋ ኬብሉ ገመድ ብቻ ነው። ስፖንጅና ቆርቆሮ መብራት አይጠብቁም። ወንድምሽ ገንዘቡን ይላክልሽና ቁፋሮውን አሠሪበት።

የፀሐይ ማሞቂያሽ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ ሁለቱንም ልበል። ጠፍጣፋው፣ መስታወት ስር ጥቁር ሰሌዳ ያለው ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው እሱ ነው። ለምን ብትይ ሥራው ሰማይ ማየት ነው። ቀን ፀሐይን የሚሰበስበው ገጽ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይበትናል፣ ውስጡ ያሉት የመዳብ ቱቦዎች ደግሞ ቀጫጭን ናቸው። አየሩ 4 ዲግሪ እያለ ተሰንጥቆ የተገኘ አለ። ውርጭ ባለበት ሌሊት በሸራ ወይ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ ጠዋት አንሺው። ጣሪያ መውጣት ካስቸገረሽ ታህሳስንና ጥርን አራግፈሽ አሳልፊው። መልሰሽ ስትሞይው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትመታው ይሁን፣ የጋለ ሰሌዳ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ጉዳት ያመጣል።

የመስታወት ቱቦ የተደረደረበት ዓይነት ከሆነ ቱቦዎቹ አያሰጉም። መስታወቱ ሁለት ድርብ ነው፣ መሀሉ አየር የለውም፣ እንደ ፔርሙዝ ነው። የእሱ ችግር ወደ ታንኩ የሚገባው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧና ከላይ ያለችው ቀጭን የአየር መተንፈሻ ናት። መተንፈሻዋ በበረዶ ከተደፈነች ውሃ ስትቀጂ ታንኩ አየር አጥቶ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ጠቅልያት፣ አፏን ግን እንዳትዘጊያት።

ደግሞ አደራ፣ ማንም ሰው የመኪና አንቲፍሪዝ ጨምሪበት ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ያ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃን ይጠጣዋል፣ ኩላሊት ያጠፋል፣ ይገድላል። አንቺ የምትታጠቢበትና ልጆችሽ አፋቸውን የሚጉመጠመጡበት ውሃ ውስጥ አይገባም።

ልብስ ማጠቢያውን ቶሎ ልለፈው። በረንዳ ላይ ጣሪያ ስር ስለሆነ ግማሽ ድነሻል። ግን ማሽኑ አጥቦ ሲጨርስም ከስሩ ባለው ፓምፕ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ፊት ለፊት ታች ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተሽ፣ ሰፌድ የመሰለ ዝርግ ዕቃ ከስር አድርገሽ ማጣሪያውን አዙሪና ውሃውን አስወጪ። የውሃ መግቢያ ጎማውንም ፍቺው። ጠዋት ብርድ ላይ አስነስተሽው እያጉረመረመ ውሃ ካላስወጣ ወዲያው አጥፊው፣ ፓምፑ ተይዟል፣ ዝም ካልሽው ሞተሩ ይቃጠላል። ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ ግቢ ውስጥ ካለሽም እንደዚሁ ነው፣ ከሆዱ ስር ያለችውን ቡሎን ፈትተሽ አራግፊው። ጠዋት ውሃ ሞልተሽለት ነው የምታስነሺው፣ ደረቁን አታስነሺ።

ቦይለር ካለሽ አንድ ሕግ ብቻ፦ ጠዋት ከማብራትሽ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተሽ ውሃ መውጣቱን እዪ። ካልወጣ አታብሪ። መስመሩ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ግፊት የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭም አብሮ ተይዞ ከሆነ አደጋ ነው።

ፍሪጅ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ኪችንሽ ውጪ ከሆነ ይሄን እወቂ። ብዙ ፍሪጆች ከ16 ዲግሪ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። ጀርባው ወይ ውስጡ ያለው ተለጣፊ ላይ ኤን፣ ኤስቲ ወይ ቲ የሚል ፊደል ካለ 16 ነው ዝቅተኛው፣ ኤስኤን ካለ 10 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ክፍሉ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ፣ ታችኛው ክፍል በቂ ቅዝቃዜ አለው ብሎ ኮምፕሬሰሩ ሳይነሳ ያድራል፣ ላይ ያለው ሥጋ ደግሞ ይለሰልሳል። ሰው ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ጋዝ ያስሞላል። ወደ ሳሎን ማስገባት ነው መድኃኒቱ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም አንድ ቀን ቢያዝብሽ አትደንግጪ። መጀመሪያ የሮቶውን መውጫ ዝጊ፣ ምክንያቱም ስንጥቅ ካለ የሚታወቀው በረዶው ሲቀልጥ ነው። የኪችኑን ቧንቧ ክፍት አድርገሽ ተዪው። ከዚያ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከርሽ ከቧንቧው አፍ በኩል ጀምረሽ ወደ ሮቶው እየሄድሽ ጠቅልዪ። የፈላ ውሃ አትድፊበት፣ እሳትም አታስጠጊ፣ ፒፒአር ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያውም ይለቃል። ጊዜ ካለሽ ፀሐይዋን ጠብቂ፣ የእኛ ፀሐይ አታስቀይምም። ቆጣሪው ከተያዘ ደግሞ ራስሽ አትፍቺው፣ የውሃ አገልግሎቱ ንብረት ነው። ሳጥኑን በጭድ ጆንያ ሸፍነሽ ታሳድሪዋለሽ፣ አንባቢው ሲመጣ ታነሺዋለሽ።

ከሰል ግን በፍጹም። ሻወር ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ ብለው የከሰል ምድጃ አስገብተው በር ዘግተው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ ሽታም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የፈነዳ ቧንቧ በአንድ ቀን ይጠገናል እህቴ። ሌሊቱን ከሰል በቤትሽ አይደር።

አሁን ሁለት ፎቶ ላኪልኝ። አንዱ የሮቶው መውጫ ላይ ያለው ቫልቭ ከቅርብ ይታይ፣ እጀታው ዘንግ ነው ወይስ የሚዞር ክብ? ዘንግ ያለው ሲዘጋ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይይዛል፣ አለባበሱ ወፈር ማለት አለበት። ሁለተኛው ቧንቧው ግድግዳው ላይ ዝቅ የሚልበት ቦታ ነው፣ ቲው የት መግባት እንዳለበት በጣቴ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።